ልጄን በስዊድን ቤተ ክርስቲያን ባስጠምቅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ተቀበልኩ ማለት ነው?

ጥያቄው የመጣው ከስቶክሆልም ነው። ጠያቂዋ ወለጋ ውስጥ በመካነ ኢየሱስ ያደገች እናት ናት። ባለቤቷ ስዊድናዊ፣ የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን አባል ነው። እሷ እሁድ ከሰዓት እዚያው ሕንፃ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ ከሚሰበሰብ የሐበሻ ጉባኤ ጋር ታመልካለች። እንዲህ ትላለች፦

«የሰባት ወር ልጅ አለችን። ሰኔ ላይ እዚህ ልናስጠምቃት ቀን ይዘናል። እናቴ ስትሰማ ‹እነሱ ወንድና ወንድ የሚያጋቡ ናቸው፤ ጥምቀታቸው ጥምቀት አይደለም፤ መጥቼ እንደገና አስጠምቃታለሁ› አለችኝ። ሉተራኖቹም ፖፑም ፈቅደዋል እየተባለ ነው። እኔ በጋብቻ ጉዳይ አቋሜ የእናቴው ነው። ልጄን እዚያ ባስጠምቅ አቋሜን ሸጥኩ ማለት ነው? ጥምቀቱስ ይጸናል?»

ጥምቀቱ ይጸናል። አቋምሽንም አልሸጥሽም። ልጅቷን እንደገና ማስጠመቅ ግን ከእናትሽ ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ኢየሱስ እምነት ጋር የሚጋጭ ነው። ምክንያቱን ላስረዳሽ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ «ሉተራኖቹ ፈቀዱ» የሚለውን እናርመው። ሉተራን የሚባሉት የ16ኛውን መቶ ዘመን ጀርመናዊ ተሐድሶ መሪ የማርቲን ሉተርን ትምህርት የተከተሉ ናቸው፤ የስዊድን ቤተ ክርስቲያንም መካነ ኢየሱስም ከእነሱ ናቸው። ግን ሉተራን የሚባል አንድ ቤተ ክርስቲያን የለም። ከላይ ሆኖ ለሁሉም የሚወስን ፓትርያርክም ፖፕም የላቸውም። የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በ1947 እዚያው ስዊድን፣ ሉንድ ከተማ የተመሠረተ ኅብረት ነው እንጂ አባላቱን የሚያዝ አለቃ አይደለም። ሁሉም በየጉባኤው ይወስናል። አንዱ የፈቀደውን ሌላው ያወግዛል፤ ሁለቱም አባል ሆነው ይቀጥላሉ። የፈቀዱት በብዛት የሰሜን አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው። የአፍሪካዎቹ በአብዛኛው አልተቀበሉትም። ከፌዴሬሽኑ አባላት በምእመናን ብዛት ትልቋ ደግሞ የእናትሽ ቤተ ክርስቲያን፣ መካነ ኢየሱስ ናት። እንግዲህ «ሉተራን ፈቀደ» ሲባል ትልቋ ሉተራን አልፈቀደችም ማለት ትችያለሽ።

የስዊድኑ እንዲህ ሆነ። የአገሪቱ የጋብቻ ሕግ ሜይ 1 ቀን 2009 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እንዲፈቅድ ተለወጠ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 22 የቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ ጉባኤ እነዚህን ጥንዶች በቤተ ክርስቲያን ስለ ማጋባት ድምፅ ሰጠ። 176 ደገፉ፣ 62 ተቃወሙ፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኖቬምበር 1 ሥራ ላይ ዋለ። የኛ ሰው ይህን ሲሰማ ጳጳሳት ተሰብስበው የወሰኑት ይመስለዋል። አይደለም። ያ ጉባኤ አባላት የሚመርጡት ነው። በየ4 ዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ምርጫ አለ። 16 ዓመት የሞላው አባል ሁሉ ይመርጣል። ከተወዳዳሪዎቹም የፖለቲካ ፓርቲ ስም ይዘው የሚቀርቡ አሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመንግሥት የተለየችው በ2000 ነው። የመንግሥት ቤተ ክርስቲያንነት ጠባይዋ ገና አልለቀቃትም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እንግዲህ 62ቱ ሰዎችና እነሱን የመረጡት ምእመናን ከዚያ ቀን በኋላ የትም አልሄዱም። ብዙዎቹ ዛሬም እዚያው ያመልካሉ።

ቄስም አይገደድም። በሕጉም በጉባኤው ውሳኔም አንድ ቄስ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን አላጋባም ማለት ይችላል። በ2017 የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፋን ሎፍቬን ቄሶች እምቢ ሊሉ አይገባም ብሎ፣ ጽንስ ማቋረጥ ላይ አልሠራም ከምትል አዋላጅ ጋር አነጻጽሮት ነበር። ብዙ ጫጫታ ተነሳ፤ የቄሶቹ መብት ግን አልተነካም። ስለዚህ ልጅሽን የሚያጠምቀው ቄስ በዚህ ጉዳይ ምን እንደሚያምን ከሕንፃው በር አታውቂውም። ጠይቂው፤ ነውር አይደለም።

አሜሪካንም ካነሳን፦ ትልቁ የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በዚያው በ2009፣ ኦገስት ላይ ሚኒያፖሊስ ተሰብስቦ የሰውን ጾታዊ ሕይወት የሚመለከት ሰነዱን በ676 ለ338 አጸደቀ። ልክ ሁለት ሦስተኛ። አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ይወድቅ ነበር። ሰነዱ ራሱ አባላቱ በዚህ ጉዳይ በ4 የተለያዩ አቋሞች እንደተከፈሉ፣ ሁሉም ግን በኅሊናቸው ታስረው እንደያዙት ይመሰክራል። ያልተስማሙ በ2010 ወጥተው የራሳቸውን አቋቋሙ።

አሁን ወደ ሥሩ እንግባ። ሰዎች ክርክሩ ስለ ጥቅስ ብቻ ይመስላቸዋል። እንደኔ ከጥቅሱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ጋብቻ ምንድን ነው? ለተዋሕዶም ለካቶሊክም ጋብቻ ከ7ቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ምሥጢር ከሆነ ደግሞ ጉባኤ እጅ አውጥቶ አይለውጠውም። ሉተር ግን ምሥጢራት ብሎ ያጸናቸው በዋናነት ጥምቀትንና የጌታ እራትን ነው። በ1529 ለቄሶች ባዘጋጀው የሠርግ ሥርዓት መግቢያ ላይ ጋብቻና ሠርግ የዓለም ጉዳይ ነው ብሎ ጽፏል። አቃልሎት አይደለም፤ እግዚአብሔር ያቆመው ቅዱስ ኑሮ ነው ይላል። ግን ማን ያጋባል፣ በምን ሥርዓት፣ ዘመዳሞች እስከ ስንት ትውልድ አይጋቡም የሚለውን ለመንግሥትና ለአገር ልማድ ተወው። የሰሜን አውሮፓ ሉተራኖች መንገድ ከዚህ ይነሳል። መንግሥት ሕጉን ሲለውጥ «የጋብቻ ሕግ የመንግሥት ነው፤ እኛ ቃሉን እናሰማለን፣ እንባርካለን» ማለት ይቻላቸዋል። መካነ ኢየሱስ መልሳ፦ ሕጉን መንግሥት ያውጣው እንጂ ጋብቻን የፈጠረው መንግሥት አይደለም፤ ወንድና ሴት መሆኑ ከፍጥረት ነው ትላለች። ሁለቱም ከአንድ ሰው ነው የሚጠቅሱት። ለዚህ ነው ክርክሩ የማያልቀው።

ጥቅሶቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ አላረዝምም። የቀድሞውን ትምህርት የያዙት ዘፍጥረት 1 እና 2ን፣ ዘሌዋውያን 18፥22ን፣ ሮሜ 1፥26-27ን፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9ን ይጠቅሳሉ። ከሁሉ የሚከብደው ማቴዎስ 19 ነው። ጌታ ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ወደ ፍጥረት ተመልሶ ወንድና ሴትን ያነሳል። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ጳውሎስ የሚያወግዘው በዘመኑ የነበረውን ብዝበዛና ልቅነት ነው፤ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልክ ታማኝ ለመሆን የሚገቡትን ቃል ኪዳን አያውቀውም ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን በባርነትና በፍቺ ጉዳይ አነባበቧን ለውጣለች ብለውም ይጨምራሉ። መልሱ፦ ጳውሎስ በሮሜ 1 የሚከራከረው ከፍጥረት ተነስቶ ስለሆነ በብዝበዛ ብቻ አይወሰንም። ለኔ ይህ መልስ ጠንካራ ነው። የሌላው ወገን አንባቢዎች ግን መጽሐፉን የጣሉ አይደሉም፤ እያንዳንዷን ጥቅስ ፊት ለፊት ነው የሚገጥሟት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይልሽ። የኛ ሰባኪዎች በብዛት የሚሮጡት ወደ ሰዶም ታሪክ ነው። ዘፍጥረት 19 እንግዳ ላይ የተቃጣ የመንጋ ጥቃት ታሪክ ነው። ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና ድሀን አለመርዳትን ያነሳል። የይሁዳ መልእክት በበኩሉ ዝሙትን ይጠቅሳል። ቀድሞውን ትምህርት የሚከላከሉ ጠንቃቃ መምህራን ራሳቸው ክርክራቸውን በዚህ ታሪክ ላይ አይጥሉም። ለባልሽ ስታስረጂ ከሰዶም አትጀምሪ፤ ወዲያው ትረቺያለሽ።

እናትሽ የሰሙት ወሬ ሥር አለው። በ2013 መጀመሪያ የመካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን፣ ከአሜሪካኑ ሉተራንና የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በይፋ ከተቀበሉ ሌሎች ጋር ያለው ግንኙነት እንዲቋረጥ የምክር ቤቱን ውሳኔ አጸደቀ። አገልጋዮቿም ከእነሱ ጋር የጌታን እራት እንዳይካፈሉ ተባለ። ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው፤ ዓላማቸው ኦሮሞ ዘንድ መድረስ ነበር። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ያደገው በእነሱ እጅ ነው። ወለጋ ላደገ ሰው ይህ የቤተሰብ ጠብ ነው። ግን ውሳኔውን በደንብ እዪው። የተቆረጠው የአመራር ግንኙነትና የማዕድ ኅብረት ነው። እነሱ ያጠመቁት ሰው አልተጠመቀም የሚል የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም። ለምን?

በ4ኛው መቶ ዘመን ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ይኸው የእናትሽ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ አንዳንድ ጳጳሳት ቅዱሳት መጻሕፍትን ለወታደር አስረክበው ነፍሳቸውን አተረፉ። ስደቱ ሲያልፍ ዶናቲስቶች የሚባሉት «እነዚህ ከሐዲዎች ናቸው፤ ያጠመቁት አልተጠመቀም፤ የሾሙት አልተሾመም» አሉ። ከነሱ ጋር የተባበረውንም እንደገና ያጠምቁ ነበር። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ለዓመታት የተከራከራቸው በዚህ ነው። የሱ መልስ፦ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው፤ አገልጋዩ ቢረክስ ጥምቀቱ አይረክስም። ሉተራኖች ይህን በ1530 በአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 8 ላይ አሰፈሩት። ዶናቲስቶችን በስም ጠርቶ ያወግዛል። ይህ መግለጫ የመካነ ኢየሱስም መግለጫ ነው።

እናትሽ ብልህ ከሆኑ «ያ ስለ ቄሱ ኃጢአት ነው፤ የኔ ጥያቄ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ነው» ይሉሻል። ጥሩ ክርክር ነው። እሱም ቢሆን ከዶናቲስቶች በፊት፣ በ3ኛው መቶ ዘመን ተነስቷል። የቅርጣግናው ጳጳስ ቆጵርያኖስ መናፍቃን ያጠመቁት አይቆጠርም አለ። የሮማው ጳጳስ እስጢፋኖስ ይቆጠራል አለ። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በ314 በአርል ጉባኤ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ የተጠመቀ አይደገምም ወደሚለው አደላ። ሉተራኖች የዚህ ወራሾች ናቸው። ስለዚህ እናትሽ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ስታለች ብለው ቢያምኑ እንኳ፣ በራሳቸው እምነት ሚዛን ውሃ ካለና ስመ ሥላሴ ከተጠራ ጥምቀቱ ጥምቀት ነው። በጸሎተ ሃይማኖትም በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ይላሉ።

የዚህ መልስ ወሰን አለው። እናትሽ ተዋሕዶ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ መልስ እሰጥሽ ነበር። ተዋሕዶ የፕሮቴስታንትን ጥምቀት ከመጀመሪያውም አትቀበልም፤ ጋብቻ ተፈቀደ አልተፈቀደ አይለውጠውም። የእሁድ ጉባኤሽም የጴንጤ ጉባኤ ከሆነ ሕፃን ማጥመቅን ራሱን ላይቀበል ይችላል። ያ ሌላ ክርክር ነው። «ሰዶማውያን ስለሆኑ ነው» የሚል ልብስ ሲለብስ ግን ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ እንዳትሸወጂ።

ፖፑን በአጭሩ። ካቶሊክ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አልፈቀደችም። ዲሴምበር 18 ቀን 2023 ቫቲካን በፖፕ ፍራንሲስ ፈቃድ ያወጣችው ሰነድ ለጥንዶቹ አጭር ቡራኬ መስጠት ይቻላል ይላል፤ ያውም ሥርዓተ ጸሎት ሳይኖረው፣ ሠርግ ሳይመስል። በዚያው ሰነድ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው የሚለው እንዳለ ጸንቷል። ወሬው ሲዞር ግን ይህ ሁሉ ጠፍቶ «ፖፑ ፈቀደ» ብቻ ቀረ። ደግሞ እሱም ቀላል አልሆነም። በጃንዋሪ 2024 የአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ በኩል እኛ ዘንድ አይደረግም አሉ። ማርች 7 ቀን 2024 የግብፅ ኮፕት ኦርቶዶክስ ሲኖዶስ ከካቶሊክ ጋር የነበረውን የሥነ መለኮት ውይይት አቆመ። አንግሊካኖቹም በእንግሊዝ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ የጀመሩት በመደበኛ ጸሎት ውስጥ መባረክን እንጂ በቤተ ክርስቲያን ማጋባትን አይደለም። መባረክና ማጋባት ይለያያሉ። ይህን የማይለይ ወሬ አትቀበይ።

ጥምቀቱ ምን እንደሚያስከትልብሽ ደግሞ በግልጽ እወቂው። በስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ልጅ አባል ይሆናል። አባል ገቢ ሲኖረው በግብር በኩል የቤተ ክርስቲያን ክፍያ ይቆረጥበታል፤ እንደየአካባቢው ቢለያይም ከገቢው ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው። ልጅሽ ደመወዝ የላትም፤ የሚቆረጥባት የለም። ስታድግ ትቀጥል ወይም ትውጣ፣ የራሷ ነው። አንቺ ደግሞ በልጅሽ ጥምቀት አባል አትሆኚም። በጋብቻ ላይ የያዝሽውን አቋም እንድትለውጪ የሚጠይቅሽ ፊርማም የለም። የምትገቢው ቃል ልጅሽን በክርስትና እምነት ለማሳደግ ነው። እዚህ ላይ ራስሽን መርምሪ። የማታመልኪበት ቤት ውስጥ ፎቶው ስለሚያምር ብቻ ካስጠመቅሽ ነቀፋዬ ከእናትሽ ይብሳል። ባልሽ ግን የዚያ ቤት ልጅ ነው፤ አንቺም በየሳምንቱ ከዚያው ጣሪያ ሥር ነሽ። ይህ በቂ ነው።

ሌላ ምርጫስ? የሐበሻው ጉባኤ ሕፃን የሚያጠምቅ ከሆነ እዚያ ማድረግ ትችያለሽ፤ የባልሽ ቤተሰብ ቅር ይለዋል እንጂ ኃጢአት የለበትም። አገር ቤት ሄዳችሁ በመካነ ኢየሱስ ማድረግም ይቻላል። ስዊድን ውስጥ ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ በ2003 የተቋቋመ የሚስዮን አውራጃ የሚባል ወግ አጥባቂ ሉተራን ቡድንም አለ፤ የመጀመሪያ ጳጳሱን በ2005 የሾመላቸው የኬንያ ሉተራን ጳጳስ ነበር። እነሱ ዘንድ ብትሄጂ ግን የሴት ክህነትን አይቀበሉም፤ መጀመሪያ የተለዩትም በእሱ ነው። የአንዱን ጠብ ሸሽተሽ የሌላው ውስጥ እንዳትገቢ።

የኔ ምክር ቁርጥ ነው፦ ሰኔ ላይ፣ በያዛችሁት ቀን፣ እዚያው አስጠምቂያት። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይደግማት። አያት ልጅቷን ተቀብላ «ወደ ገበያ ልውሰዳት» ብላ ሌላ ቦታ ስታስጠምቅ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ልብ አልገጠሙም። እናትሽ ሳይመጡ በፊት በስልክ ጨርሺው።

በዚህ ወሬ መካከል የማንንም ዘመድ ስም አታንሱ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2004 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያስቀጣል። ስቶክሆልም ላይ ቡና እየተጠጣ የተባለ ነገር ነቀምት ሲደርስ ሰው ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የቀድሞውን ትምህርት የያዙ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው፣ ለምሳሌ ካቶሊክ በትምህርተ ክርስቶሷ፣ እነዚህን ሰዎች በአክብሮትና በርኅራኄ ተቀበሏቸው ይላሉ። አቋም መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ማሳደድ ሌላ።

ለእናትሽ ኅሊና የሚሆን አንድ ቀላል መውጫ አለ። ጥምቀቱ እሁድ ጠዋት በዋናው ጸሎት መካከል ከሆነ የጌታ እራት ሊኖር ይችላል፤ እሳቸውም ይቸገራሉ። ወደ ቄሱ ቢሮ ደውለሽ ቅዳሜ ላይ ለብቻው የሚደረግ የጥምቀት ጸሎት ጠይቂ። የተለመደ ነው፤ ቁርባንም አይኖረውም። እናትሽንም ክርስትና እናት እንዲሆኑ ጠይቂያቸው። የሚፈለገው ራሳቸው የተጠመቁ መሆናቸው ነው። ከወንጌል አንድ ክፍል በኦሮምኛ ቢያነቡም ደስ ይላቸዋል። ቄሱ የማርቆስ 10ን የሕፃናት ክፍል ራሱ ስለሚያነብ ሌላ ክፍል ምረጪላቸውና ስማቸውን ለቢሮው አስቀድመሽ አስይዢ።